የመኪና መገናኛ ሬዲዮ፦ ስንት አምፔር ፊውዝ፣ ባለ ስንት ሽቦ?

የመስክ መኪና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 12 ቮልት ላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ 50 ዋት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ እየገጠምን ነው። ለጊዜው መብራቱን ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ወስደናል። ማዳመጥ ላይ ችግር የለም፤ ሎው ፓወር ላይም ይሠራል። ሃይ ፓወር አድርገን ማይኩን ስንጫን ግን አንዳንዴ ሬዲዮው ጠፍቶ ይነሣል፤ ረዘም ያለ ንግግር ሲሆን ደግሞ የመኪናው ፊውዝ ይቃጠላል። ጋራዥ ጠይቀን «30 አምፔር አድርጉበትና ተገላገሉ» ተባልን። ማኑዋሉ ትራንስሚት ላይ 12 አምፔር ይላል። ሬዲዮው ከወንበር ጀርባ ስለሚቀመጥ ሽቦው ከባትሪው 4 ሜትር ያህል ይሄዳል። የራሱ የፓወር ገመድ አብሮት አልመጣም። ስንት ፊውዝ፣ ባለ ስንት ሽቦ እንጠቀም? ቀጥሎ አንድ ባለ 24 ቮልት አይሱዙም አለብን።

ቮልትሜትር፦
30ውን በፍጹም እንዳታስገቡ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ሬዲዮውን አይደለም። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሲጋራ ሶኬቱ 120 ዋት የሚል ጽሑፍ አለው፤ 10 አምፔር ማለት ነው። እናንተ 12 አምፔር እየጎተታችሁበት ነው። በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ 30 ካስገባችሁ ክሩስኮቱ ሥር ሾርት የተፈጠረ ቀን ፊውዙ ደህና ይቀመጣል፣ የሚነደው ሽቦው ነው።

የሬዲዮው መጥፋት ግን ሌላ ችግር ነው፤ እሱ የቮልቴጅ መውደቅ ነው። ብዙዎቹ ሬዲዮኖች 13.8 ቮልት ሲደመር ሲቀነስ 15 በመቶ ይላሉ፤ የታችኛው ጫፍ 11.7 አካባቢ ነው። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.4 ቢሆን በመንገድ ላይ እንዲጠፋ የሚፈቀድላችሁ 0.7 ቮልት ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የመዳብ ሽቦ በሜትር 0.0175 ኦም ነው ለአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር። 4 ሜትር ሄዶ 4 ሜትር ይመለሳል፣ ስለዚህ 8 ብላችሁ አስሉ፤ መመለሻውን ረስቶ በ4 የሚያሰላ ብዙ ነው። በ12 አምፔር ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ 1.1 ቮልት ይበላል፣ ባለ 2.5 ወደ 0.67፣ ባለ 4 ወደ 0.42፣ ባለ 6 ደግሞ 0.28። ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት ብዬ ስለማምን ከባለ 4 በታች አልወርድም። የዋጋው ልዩነት ካላስጨነቃችሁ ባለ 6 ግዙ።

ፊውዝ 15 አምፔር፣ ሰማያዊው ባለ ጥርስ ዓይነት። 12 የ15 ሰማንያ በመቶ ነው፤ ትክክለኛ ቦታው ነው። ፊውዝ ደግሞ በተጻፈበት ቁጥር ላይ ወዲያው አይበጠስም። ባለ 15ቱ 20 አምፔር እየሄደበት እስከ 10 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ሽቦው ከፊውዙ ወፈር ያለ እንዲሆን የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ጋራዥ ጥግ፦
ቁጥሩ ላይ ከቮልትሜትር ጋር እስማማለሁ፤ ግን ብዙ ሥራ የሚበላሸው አገጣጠሙ ላይ ነው። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይሁን። ክሩስኮት ሥር ካደረጋችሁት ከባትሪው እስከዚያ ያለው ሽቦ ያለ ጠባቂ ነው የሚሄደው፤ በላሜራው ቀዳዳ ሲያልፍ ከተላጠ ሌላ የሚያቆመው ነገር የለም። ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና ሲገባ በጎማ ውስጥ አሳልፉት፤ ላሜራ ላይ ናስትሮ መጠቅለል ብቻውን አያዋጣም፣ በሙቀትና በንዝረት ይፈታል።

ፊውዝ ቤቱን ስትገዙ ከእሱ የሚወጣውን ሽቦ እዩ። ፕላስቲኩ ላይ 30 አምፔር ተጽፎ ጭራው ባለ 1.5 የማይሞላ ብዙ አለ፤ ባለ 6 ዘርግታችሁ መሐል ላይ ቀጭን ክር እንደ መቀጠል ነው። የመስታወት ቱቦ ፊውዝ የሚይዘውንም ተዉት። ስፕሪንጉ በኮረኮንች መንገድ ይላላል፣ ጫፉ ይሞቃል፣ ፊውዙ ሳይበጠስ መብራት ይቋረጣል። የሚሞቅ ፊውዝ ቤት በዓይን ይታወቃል፦ ከሁለቱ እግሮች በአንዱ በኩል ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ይቀልጣል።

ጫፎቹን በካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ላይ በሚጨመቅ ብረት) በደንብ አስጨንቁ፣ ከዚያ ሽሪንክ (በሙቀት የሚጠብ ፕላስቲክ) አልብሱት። ተጠቅልሎ በብሎን የታሰረ ባዶ ሽቦ አይቆይም። የቤት መስመር የሚዘረጋበትን ደረቅ ሽቦም አታስገቡ፤ በንዝረት ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል። ፍሌክሲብል ይሁን፣ መዳብ መሆኑንም አረጋግጡ፦ አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ ስታደርጉ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የመኪና አምፕሊፋየር ኪት እየተባለ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው እንዲህ ነው። ሬዚስታንሱ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሆነ ባለ 4 ብላችሁ የገዛችሁት እንደ ባለ 2.5 ይሠራል።

ፊውዙን ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ አስገቡ።

አንቴናው፦
ስለ ኔጋቲቩ ማንም አላነሳም። ሁለቱም ሽቦ ቀጥታ ባትሪ ላይ፣ ሁለቱም ላይ ፊውዝ ይባላል፤ ማኑዋሎቹም ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያሳዩት።

ቮልትሜትር፦
እኔ ኔጋቲቩን ባትሪው አጠገብ ያለው የቦዲ ማሳ (ኔጋቲቭ የሚታሰርበት የመኪናው ላሜራ) ላይ ነው የማስረው፣ ያለ ፊውዝ። ምክንያቱም ኔጋቲቩ ባትሪው ላይ ከሆነና የሞተሩ ማሳ ገመድ ቢላላ፣ የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ኩረንት በመቶዎች አምፔር ስለሆነ መመለሻ ሲፈልግ በሬዲዮው ቀጭን ኔጋቲቭና በአንቴናው ገመድ ሽፋን (ከላስቲኩ ሥር ባለው የሽቦ መረብ) በኩል ይመጣል። እዚያ ላይ ፊውዝ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ግን ያ ፊውዝ ቢበጠስም ሬዲዮው ላይጠፋ ይችላል፤ 12 አምፔሩ በአንቴናው ገመድ ሽፋን ይመለስና ሾፌሩ ምንም ሳያውቅ ገመዱን ያሞቃል። በቦዲ ማሳ ስትጠቀሙ ይህ ጣጣ የለም። ኔጋቲቭ ተርሚናሉ ላይ የባትሪ ሴንሰር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ቀጥታ ባትሪው ላይ ማሰር የመኪናውን የቻርጅ ስሌት ያዛባል።

ማሳውን የምታስሩበትን ቦታ ቀለሙን እስከ ላሜራው ፋቁት፣ በጥርሳም ሮንዴላ አጥብቁት፣ ከላይ ግሪስ ቀቡት። የምትጠቀሙት ሬዲዮ ማኑዋል ሁለት ፊውዝ ግድ ካለ ግን ማኑዋሉን ተከተሉ።

አንቴናው፦
ተመችቶኛል። አይሱዙው ላይ ልጨምር። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ስለሆነ «ከአንዱ ባትሪ 12 እንውሰድ» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ሬዲዮው የሚጠባው ባትሪ እየደከመ ይሄዳል፤ ዲናሞው የሚያየው የሁለቱን ድምር 28 ቮልት ብቻ ነውና ሌላኛውን ከመጠን በላይ ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይሞታሉ።

ከ24 ወደ 12 ኮንቨርተር ግዙ፤ «ፒክ» (ለአፍታ ብቻ የሚችለው) የሚለውን ትታችሁ ያለማቋረጥ 20 አምፔር የሚለውን። በ24 ቮልት በኩል ሬዲዮው ሲያስተላልፍ ወደ 8 አምፔር ነው የሚጎትተው፤ ከኮንቨርተሩ በፊት ባትሪው ጋ 15፣ ከኮንቨርተሩ በኋላም 15 ፊውዝ። ባለ ጥርስ ፊውዝ ብዙውን ጊዜ እስከ 32 ቮልት ስለሆነ ለ24ም ይሆናል። ኮንቨርተሩን ከአንቴናው ገመድ አርቁ። ከሬዲዮው ሩቅ ጣቢያዎች ጠፍተው ሹክሹክታ ከበዛ ኮንቨርተሩን ነቅላችሁ በሌላ ባትሪ ሞክሩ፤ ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነው።

የመስክ መኪና፦
በጣም አመሰግናለሁ። ባለ 6 እንገዛለን። ገጥመን ስንጨርስ ትክክል መሆኑን በምን እንፈትሽ?

ጋራዥ ጥግ፦
በቴስተር። መጀመሪያ አንቴናው መታሰሩን አረጋግጡ፤ ያለ አንቴና ሃይ ፓወር መጫን ፋይናሉን (የሬዲዮውን የማስተላለፊያ ኃይል የሚያወጣውን ትራንዚስተር) ሊያቃጥል ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ አንዱ ማይኩን ይጫን፣ ሌላው ባትሪው ተርሚናል ላይ፣ ቀጥሎ ሬዲዮው ሶኬት ላይ ይለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ቴስተሩን በፊውዝ ቤቱ ሁለት ጫፍ፣ ከዚያ በባትሪው ኔጋቲቭና በሬዲዮው ኔጋቲቭ መካከል አድርጉ፤ የጠፋው ቮልት የት እንዳለ ራሱ ያሳያችኋል።

ፊውዙ አንድ ቀን ከተበጠሰ አዲስ ከማስገባታችሁ በፊት ሬዲዮውን ከሶኬቱ ንቀሉት። ተነቅሎም የሚበጠስ ከሆነ ሽቦው የሆነ ቦታ ላሜራ ነክቷል። ሬዲዮው ሲሰካ ብቻ የሚበጠስ ከሆነ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገላብጦ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ሬዲዮኖች መግቢያቸው ላይ ያለው መከላከያ ዳዮድ ሾርት ሆኖ ይቀራል። እሱን የሚቀይር የሬዲዮ ጠጋኝ ፈልጉ እንጂ ፊውዙን አታሳድጉ።