አስቸኳይ፦ የአንዱ ደንበኛ ዱቤ በሁሉም ስም ይወጣል

ጠያቂ፣ ባቲ፦
ነገ ሰኞ ገበያ ነው፤ የአባቴ የእህል መደብር ደንበኞች ከማለዳ ጀምሮ ይመጣሉ። የሠራሁት ፕሮግራም ለአንዱ የመዘገብኩትን የሁለት ኩንታል ማሽላ ዱቤ በሁሉም ስም ያወጣዋል። ስምና ስልክ ግን አይደባለቅም። ድምሩ ደግሞ ሁልጊዜ 0 ነው። እባካችሁ ድረሱልኝ!

ከኮምቦልቻ፦
በምን ቋንቋ ነው የጻፍሽው? ኮዱስ የት አለ?

ጠያቂ፦
በፓይተን። ክላሱ (የእያንዳንዱ ደንበኛ መዝገብ የሚሠራበት ንድፍ) «ደንበኛ» ይባላል። ከክላሱ ስም ሥር ወዲያው ባዶ የ«ዱቤዎች» ዝርዝርና «ድምር = 0» አስቀምጫለሁ። ስምና ስልክ ኢኒት (__init__፣ አዲስ ደንበኛ ሲፈጠር የሚሠራው ፈንክሽን) ውስጥ ናቸው። «መዝግብ» የሚለው ፈንክሽን ዝርዝሩ ላይ ይጨምርና ደምሮ «ድምር» ውስጥ ያስቀምጣል።

ከደሴ፦
ድምርን ግሎባል አድርጊው፤ ይሠራል።

ከወልድያ፦
እህቴ፣ እንዳትሞክሪው! ግሎባል ማለት ለመላው መደብር አንድ ድምር ማለት ነው። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ በምን ትለይዋለሽ?

ከከሚሴ፦
ለአንድ መደብር ክላስ ለምን አስፈለገ? ዲክሽነሪ (ለእያንዳንዱ ስም የራሱን ዋጋ የሚይዝ መዝገብ) ይበቃ ነበር። ለነገ በደብተር ሥሩና ረቡዕ ተረጋግታችሁ አስተካክሉት።

ከሐይቅ፦
ወንድሜ፣ ክላሱ ጥፋት የለበትም። ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማስረዳው ነገር ነው፦ በክላሱ አካል ላይ በቀጥታ የተጻፈ ዝርዝር የክላሱ ንብረት ነው፤ አንድ ደብተር ዘርግቶ ደንበኛውን ሁሉ እዚያው ላይ እንደ መጻፍ ነው። ስምና ስልክ ያልተደባለቁት ኢኒት ውስጥ በሰልፍ (self፣ «ይህ ደንበኛ ራሱ» ማለት ነው) ስለተሰጡ ነው። ስለዚህ «ሰልፍ ነጥብ ዱቤዎች» ብለሽ ባዶውን ዝርዝር ኢኒት ውስጥ ፍጠሪው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ይይዛል። በኢኒት ቅንፍ ውስጥ ግን ባዶ ዝርዝር እንደ መነሻ ዋጋ አትስጪ፤ እሱም የሚፈጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያው መደባለቅ ይመለሳል።
ድምሩ 0 የሆነው በሌላ ምክንያት ነው። «መዝግብ» ውስጥ ያለ ሰልፍ የጻፍሽው «ድምር» የፈንክሽኑ የውስጥ ተለዋዋጭ ነው፤ ፈንክሽኑ ሲያበቃ አብሮ ይጠፋል። ስታወጪ የምታነቢው የክላሱን 0 ነው። ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ጃቫ ከክላሱ የተፈጠረውን ዕቃ (ኦብጀክት) ባሕርይ ያለ ዚስ (this፣ የጃቫ ሰልፍ) ያገኘዋል፣ ፓይተን ግን ሰልፍን ካልጻፍሽለት አይገምትልሽም።

ከደሴ፦
ግሎባልም እኮ ይሠራል።

ከመርሳ፦
ሰልፍ ጨምሪበት፣ አለቀ።

ከኮምቦልቻ፦
መርሳ፣ አላለቀም። ዝርዝሩ ከክላሱ አካል ካልወጣ ሰልፍ ብትጨምርም ዱቤው እንደተደባለቀ ይቀራል። እህቴ፣ እስካሁን ወደ ፋይል ያስቀመጥሽው ካለ ኮዱ ቢስተካከልም ፋይሉ አይስተካከልም። ዛሬ ማታ ከአባትሽ ደብተር ጋር አመሳክሪውና እንደ አዲስ አስገቢው። ሠራ?