«የሚቆጠር እንጂ የሚጨፈር አይደለም» ያለው አቅራቢ እና የራሽ ነገር

ጦሳ ሥር፦ ቅዳሜ ማታ ሬዲዮ የሰማችሁ አላችሁ? አቅራቢው ከስንት ጊዜ በኋላ የካናዳውን ሮክ ባንድ ራሽን ሲከፍት ደስ ብሎኝ ድምፁን ጨመርኩ። «ቶም ሶየር» መሃሉ ላይ ደርሶ ሲንተሳይዘሩ ወደ 7፣ ማለትም በአንድ ዙር ሰባት ምት ወዳለው ክፍል ሲገባ ግን ዝቅ አደረገውና «ይሄ የሚቆጠር እንጂ የሚጨፈር ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ሌላ ዘፈን ከፈተ። አለመውደድ መብቱ ነው። የዘፈኑን ልብ ቆርጦ ጥሎ ለሰሚው ፍርድ መስጠት ግን ምን ይሉታል? ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን የድራመራቸውን የኒል ፒርትን ድራም ያልሰማ ሰው ስለ ራሽ ምን ሰማ?

ሰኞ ገበያ፦ ሰምቻለሁ። ልክ ብሏል።

ጦሳ ሥር፦ ምኑ ነው ልክ?

ሰኞ ገበያ፦ ያለው ነዋ። የሚቆጠር ሙዚቃ ነው። ዘፈን በላካችሁ ቁጥር «ይሄ 7/8 ነው፣ እዚህ ጋ ወደ 5/4 ይዞራል» የምትሉን እናንተው ናችሁ። ስለ ግጥሙ፣ ስለ ዜማው አንድ ቃል ስታነሱ አይቼ አላውቅም። ራሳችሁ የምትቆጥሩትን፣ ሰው «ይቆጠራል» ሲላችሁ ምን አናደዳችሁ?

ኮምቦልቻ ቤዝ፦ እኛ የምንቆጥረው ስለምንጫወተው ነው። ቤዝ ይዤ 7 ላይ ካልቆጠርኩ ድራመሩ ጥሎኝ ይሄዳል። ሰሚው መቁጠር የለበትም። የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቀዋል፤ ተሳፋሪው አንዱንም ሳይቆጥር ኮምቦልቻ ይደርሳል።

ሰኞ ገበያ፦ ይደርሳል፤ አስታውኮ ነው የሚደርሰው።

ኮምቦልቻ ቤዝ፦ ያልለመደ ያስታውከዋል፣ የለመደ እንቅልፉን ይተኛል። እኔም የምለው እሱን ነው። የልምድ ጉዳይ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ እና ሙዚቃ ለመስማት ስልጠና መግባት አለብን?

ወሎዬዋ፦ አንተ የለመድከውም ምት ስልጠና ነበር። በእናትህ ጀርባ ታዝለህ ስለጀመርከው ነው የማይታወቅህ። ደግሞ «ስለ ግጥሙ አታነሱም» ላልከው ላንሳልህ። በፈረንጅ 1982 «ሰብዲቪዥንስ» የሚል ዘፈን አወጡ። ግጥሙ የፒርት ነው፤ በከተማ ዳር ሰፈር የሚያድጉ፣ ከእኩዮቻቸው ካልተመሳሰሉ የሚገፉ ልጆችን ነው የሚናገረው። መግቢያው በ7 ነው። እግርህን ልታሳርፍ ስትል አንድ ምት ይጎድልብሃል። ዘፈኑ ከሌላው ጋር መግጠም ያቃተው ልጅ ታሪክ ሆኖ ምቱ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር። ይሄ ቁጥር አይደለም፣ ስሜቱ ራሱ ነው።

ሆጤ ሮክ፦ ወላሂ ጥሩ አልሽ። ግን ክርክሩን በራሽ መጀመራችሁ ራሱ ስህተት ነው። 7ን ለዓለም ያስለመደው የእንግሊዙ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ ነው። «መኒ»፣ 1973፣ 7/4። የሳንቲምና የካሽ ሬጅስተሩን ድምፅ ቴፕ ላይ እየቆረጡ ቀጥለው ነው ሰባት ምት ያወጡት። ዛሬ ሮክ የማይሰማ ሰው እንኳ ያንን ቤዝ በአፉ ይጫወተዋል። ማን ቆጠረው?

ሰኞ ገበያ፦ አመሰግናለሁ ሆጤ፣ ክርክሬን አንተው ጨረስክልኝ። ያ ዘፈን የጊታር ሶሎው ላይ ሲደርስ ወደ ስንት ነው የሚዞረው?

ሆጤ ሮክ፦ ወደ 4/4።

ሰኞ ገበያ፦ በቃ! ጊታሪስታቸው ጊልሞር ራሱ ከልቡ ሊጫወት ሲል 7ን ጥሎ ወደ 4 ሄደ። ሰው ሲቆጥር 7፣ ሲሰማው 4። አቅራቢውም ያለው ይሄንኑ ነው።

ወሎዬዋ፦ ሳክስፎኑስ? ከጊታሩ በፊት ዲክ ፓሪ ሙሉ ሶሎውን የተጫወተው እዚያው 7 ላይ ነው። እሱ ከልቡ አልተጫወተም? ጊታሩ ሲገባ ደግሞ እንደዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ የወጣህ የሚመስልህ እስከዚያ 7 ውስጥ ስለያዙህ ነው። ዘፈኑን ከመጀመሪያው በ4 ብትጫወተው ያ ሶሎ ግማሽ ጉልበቱ ይሞታል። ጨርሰው ደግሞ ወደ 7 ነው የሚመለሱት፤ እሱን ለምን ዘለልከው?

ሰኞ ገበያ፦ አልዘለልኩም። ሰሚው የሚያስታውሰው ሶሎውን ነው እያልኩ ነው።

ሆጤ ሮክ፦ እኔ ቤዙን ነው የማስታውሰው።

ጦሳ ሥር፦ ወደ ራሽ እንመለስ። «የሚቆጠር» የምትለው ቃል ከአፍህ ስላልወጣች፣ እስኪ «ዋይ ዋይ ዜድ»ን ውሰድ፣ 1981፣ «ሙቪንግ ፒክቸርስ» አልበም ላይ ያለውን። ሶስቱ ፊደላት የቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ናቸው። የመግቢያው ምት በሞርስ፣ በድሮው የቴሌግራፍ ኮድ ሲላክ የሚሰማው ድምፅ ነው። ዋይ፦ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም። ዜድ፦ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። ረጅሙን 2፣ አጭሩን 1 አድርገህ ደምረው። 7፣ 7 እና 6፤ ድምሩ 20። አራት አራቱን ስትይዘው 5 ምት፣ 5/4 ማለት ነው። ሰዎቹ ቁጭ ብለው «5 ላይ እንጻፍ፣ ሰው ይደነቅ» አላሉም። አገራቸው የሚያደርሳቸው ድምፅ ነው 5 ሆኖ የተገኘው።

ሰኞ ገበያ፦ 7 ሲደመር 7 ሲደመር 6 ብለህ አስረዳኸኝ። ከዚህ በላይ የሚቆጠር ሙዚቃ የት አለ?

ጦሳ ሥር፦ ለአንተ ለማስረዳት ነው የደመርኩት! ስሰማው አልደምርም።

ወሎዬዋ፦ ሞርስ የለመደ ኦፕሬተርም አይደምርም። ነጥብና ሰረዝ እየለየ የሚቆጥረው ጀማሪው ነው፤ የለመደው ሰው የፊደሉን ድምፅ በአንዴ ይሰማዋል። ሙዚቃም እንደዚያው ነው። ሰኞ ገበያ፣ አንተ ገና ነጥቡ ላይ ነህ።

ሰኞ ገበያ፦ ስድብ ጀመርን?

ወሎዬዋ፦ ስድብ አይደለም። ደጋግመህ ስማው ነው ያልኩህ።

የድሮው ጊታሪስት፦ ልጆች፣ ስታወሩ እየሰማሁ ቆይቼ ነው። እኔ ራሽን ብዙ አልሰማሁም፣ ስለዚህ ስለነሱ አልፈርድም። ስለ ምት ግን ትንሽ ልበል። የኛን ችክችካ በኖታ ስትጽፉት 6/8 ነው። አንዱ ሁለት አድርጎ ያጨበጭብለታል፣ ሌላው ሶስት አድርጎ ትከሻውን ይሰጠዋል፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ይሄ ከባድ ነገር ነው። የውጭ ተጫዋች መጥቶ አንድ የሚባለው ምት የት እንዳለ ሲጠፋው አይቻለሁ። ግን አገሬው በሙሉ ይጨፍርበታል። የምት ዋናው ፈተና እሱ ነው። ሰውነት ካልተቀበለው፣ ወረቀት ላይ ያማረ ቢሆን ምን ያደርጋል? አቅራቢው ዘፈኑን መቁረጡ ነውር ነው። የተናገረው ግን ባዶ አይደለም።

ኮምቦልቻ ቤዝ፦ ጋሼ እንኳን ገቡበት። አንድ ልጠይቅዎ፤ የራሽ ኮንሰርት ላይ ያለውን ሰው አይተው ያውቃሉ? «ቶም ሶየር» ላይ ከሶሎው በኋላ ድራሙ ሲወርድ አዳራሹ በሙሉ በባዶ እጁ አብሮ ይመታል። በ7 ውስጥ ነው ይሄ ሁሉ። ያ ሰውነት አይደለም እንዴ?

የድሮው ጊታሪስት፦ እጅ ነው። እኔ ስለ እግር ነው የማወራው።

ወሎዬዋ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እግር ካሉ የትግርኛው ጭፈራ ጓይላስ? ስቆጥረው 5 ነው የሚመጣልኝ። ከበሮው አንዱን ወገን ያስረዝምና ሌላውን ያሳጥረዋል። ክብ ሰርቶ የሚዞር ሰው፣ ሽማግሌ ልጅ ሳይል፣ እግሩ አንዴ አይስትም። እኛም ደሴ ሰርግ ላይ ሲመጣ እንዞራለን። ራሽ 5 ሲጫወት «ቁጥር»፣ ጓይላ 5 ሲሄድ «ጭፈራ» የሚሆነው በምን ሚዛን ነው?

የድሮው ጊታሪስት፦ 5 ነው ብሎ የነገረን የለም። በጆሮ ነው የያዝነው።

ወሎዬዋ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው ጋሼ!

ሰኞ ገበያ፦ ቆይ፣ ልዩነት አለው። ጓይላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ነው። አንዴ ከገባህ አይለቅህም። ራሽ ግን ገና እግርህን ስታስተካክል ይቀይረዋል። 4፣ ከዚያ 7፣ ከዚያ 4። የሚያስቆጥረው 7ነቱ አይደለም፣ አለመርጋቱ ነው።

ጦሳ ሥር፦ አሁን ቁም ነገር መጣ። ግን አቅራቢው ያለው ይሄን አይደለም፤ አንተ ነህ አሻሽለህ የሰጠኸው።

ሐይቅ ዳር፦ እኔ የሚገርመኝ፣ የባቲና የአምባሰል አገር ልጆች ሆነን ስለ አስቸጋሪ ምት ከካናዳ መማራችን ነው። አምባሰል እዚሁ አፍንጫችን ስር፣ ባቲ እዚያ ማዶ። ዓለም ያልቆጠረውን ምት የፈጠርን እኛ!

ኮምቦልቻ ቤዝ፦ ወንድሜ፣ ባቲና አምባሰል ቅኝት ናቸው፣ ምት አይደሉም። አምስት ድምፅ ነው ያላቸው፣ አምስት ምት አይደለም። አንዱን ቅኝት በፈለግከው ምት ትጫወተዋለህ።

ሐይቅ ዳር፦ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንጎራጉር ምኑ ነው 4/4?

ኮምቦልቻ ቤዝ፦ 4/4 ነው አላልኩም። ቅኝቱን ከምቱ ለይ ነው ያልኩት።

ሐይቅ ዳር፦ ባቲ ለኮምቦልቻ ስለቀረበ እናንተ ብቻ የምታውቁት አድርጋችሁታል።

ሆጤ ሮክ፦ እባካችሁ ወደዚያ አትውሰዱት። ሌላ ጥያቄ አለኝ። ፒርት በ2020 ካረፈ በኋላ ቤዚስቱ ጌዲ ሊ እና ጊታሪስቱ አሌክስ ላይፍሰን ጀርመናዊቷን ድራመር አኒካ ኒልስን ይዘው ለመዞር ተነስተዋል። እሱ የሌለበት ነገር ራሽ ነው? ግጥሙም እኮ የሱ ነበር።

ጦሳ ሥር፦ ለኔ ራሽ በፈረንጅ 2015 ሎስ አንጀለስ ላይ በተጫወቱት የመጨረሻ ኮንሰርት አበቃ። ልጅቷ ትልቅ ድራመር ናት፣ አከብራታለሁ። ግን ከ1974 ጀምሮ ያ ወንበር የሱ ነው።

ወሎዬዋ፦ አልስማማም። ያንን ምት ሌላ ሰው ሊጫወተው ካልቻለ ሙዚቃው አብሮት ሞተ ማለት ነው። እኔ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ጦሳ ሥር፦ ሌላ ሰው ይጫወተው፤ ስሙን ግን ይተዉለት።

ሰኞ ገበያ፦ ሳልረሳው። «ሚሽን ኢምፖሲብል»ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ላሎ ሺፍሪን የሰራው ኦሪጅናሉ 5/4 ነው። በ1996 ለፊልሙ አዲስ አድርገው ሲያወጡት፣ የዩቱ (U2) ባንድ ቤዝና ድራም ተጫዋቾች ወደ 4/4 ቀየሩት። ለምን? እንዲጨፈርበት። ባለሙያዎች ናቸው፣ ሮከሮች ናቸው፣ እነሱም ያውቁታል። እስኪ ለዚህ መልስ ስጡኝ።

ሆጤ ሮክ፦ ሰው ሲያፏጨው የምትሰማው የቱን ነው? አምስቱን ነው። አራቱን የሚያስታውስ አለ?

ሰኞ ገበያ፦ ማፏጨት ጭፈራ አይደለም።

ኮምቦልቻ ቤዝ፦ እኔ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም ስራዬ ነው። ለምን እንደማይጨፈር የማውቀው ከሰርግ ነው። ዛሬ ሰርግ ላይ ባንድ የለም፤ አንድ ሰው ኪቦርድ ይዞ ይመጣል፣ ምቱ ውስጡ ተሞልቷል፣ ቁልፍ ሲነካ ችክችካ፣ ሌላ ቁልፍ ሲነካ ሬጌ። ተጫዋቹ ቢፈልግ እንኳ ማሽኑ መሃል ላይ አንድ ምት አይጥልለትም። ዘፋኟ ስሜት ገብቷት ስንኝ ብታስረዝም ማሽኑ አይጠብቃትም፤ እሷ ናት ቆርጣ የምትመለሰው። ድሮ ከበሮ መቺው አይኗን እያየ ይጠብቃት ነበር፤ ጋሼ ይመስክሩ። የሰው ጆሮ በአስር ቁልፍ ውስጥ ተዘግቶ ነው ያደገው። ከዚያ ውጭ ያለውን ሲሰማ «ይሄ ይቆጠራል» ይላል። እኔን የሚያቃጥለኝ ራሽ አለመከፈቱ ብቻ አይደለም። አዳዲሶቹ ድራመሮች ልምምድ ላይ 6/8ን ራሱ ከማሽን ጋር ካልሆነ መያዝ አቅቷቸዋል።

የድሮው ጊታሪስት፦ ይሄ እውነት ነው። እኛ ዘፋኝ ስናጅብ ምቱን የምትይዘው እሷ ነበረች። ስትተነፍስ እንጠብቃለን።

ሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለኔ ነው የሚመሰክረው። እናንተ የምትጠብቁት ሰውን ነበር። ራሽ የሚጠብቀው ሂሳቡን ነው። ከማሽኑ በምን ተለየ?

ጦሳ ሥር፦ ሶስት ሰው ናቸው! ጌዲ ሊ በእጁ ቤዝ፣ በእግሩ የቤዝ ፔዳል ይጫወታል፣ እየዘፈነ። ፒርት ሃይ ሃቱን፣ ጥንዱን ሲምባል፣ በአንድ እጁ አስራ ስድስተኛ ኖታ እየመታ ነው «ቶም ሶየር»ን የሚነዳው። እርስ በርስ ካልተደማመጡ 7ን አንድ ደቂቃ አይዘልቁትም። ማሽን ያልከው ይሄን ነው? ይሄን መልሰው።

ሰኞ ገበያ፦ አልመልስም። ችሎታቸውን የካደ የለም።

ጦሳ ሥር፦ «ሂሳብ ነው የሚጠብቁት» አልክ እኮ፣ ከላይ ተጽፏል።

ሰኞ ገበያ፦ አልኩ፣ እላለሁም። አንድ ሰርግ ላይ 7/8 ተጫወቱና ሰው ሲነሳ አሳዩኝ።

ኮምቦልቻ ቤዝ፦ ኪቦርዱን አስቀምጦ ድራመር የሚቀጥር ሙሽራ አምጣልኝ፣ እጫወትልሃለሁ።

ወሎዬዋ፦ እኔ እነሳለሁ።

ሰኞ ገበያ፦ አንቺ ትነሻለሽ፤ እናትሽ ይነሳሉ?

ወሎዬዋ፦ በ5 ከተነሱ በ7 ምን ያስቀምጣቸዋል? የጓይላውን ጥያቄ እኮ እስካሁን አልመለስክልኝም።

ሰኞ ገበያ፦ መለስኩ። አይቀያየርም አልኩሽ።

ወሎዬዋ፦ «መኒ»ም ግማሽ ዘፈኑን 7 ላይ አይቀያየርም። እሱንስ ለምን ቁጥር አልከው?