ኪቦርዴ አልበራ አለ፣ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ፤ የትኛውን ልግዛ?

ናቲ (አራት ኪሎ)፦
ትናንት ማታ በልምምድ ላይ ሳለን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኪቦርዴ እንደጠፋ ቀረ፤ እስካሁንም አልበራም። ቅዳሜ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ሆቴል ከማሲንቆና ከከበሮ ጋር ለ3 ሰዓት የመጫወት ውል አለብኝ፤ ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው። ያጠራቀምኩት 100,000 ብር ስላለ ነገ ያገለገለ ሮላንድ ጁኖ-ዲኤስ61 ወይም ኮርግ ሚኒሎግ ኤክስዲ የተባለ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በራስ የሚሠራበት ኪቦርድ) ልገዛ ነው፤ ሁለቱም ሻጮች በዚህ ዋጋ ተስማምተዋል። ድምፅን ራሴ መሥራት ስለምወድ ልቤ ወደ ኮርጉ ያደላል። እግረ መንገዴን፣ ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጋር በአንቺሆዬ ቅኝት ስንጫወት ድምፃችን በፍጹም አይስማማምና መፍትሔ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሰላም (ፒያሳ)፦
የተበላሸው ኪቦርድ ሞዴል ምንድን ነው? አዳፕተሩንስ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለክተኸዋል? መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው አዳፕተሩ ነው፤ ዋናው ቦርድ ሳይነካ ሊተርፍ ይችላል።

የድሮ ኦርጋኒስት፦
ወንድም ናቲ፣ ከመግዛትህ በፊት የምትገዛው መሣሪያ ድምፅን በምን መንገድ እንደሚፈጥር ብታውቅ መልካም ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዲኤክስ7 አንዱን ሞገድ በሌላ ሞገድ እያወዛወዘ ድምፅ የሚሠራ ሲሆን፣ ዘዴውን ያገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆን ቻውኒንግ ነው።  ሚኒሎግ ኤክስዲ ግን በዋናነት አናሎግ ነው፤ ድምፁ የሚወለደው በውስጡ ካሉ የኤሌክትሪክ ዑደቶች ስለሆነ ሞቅ ያለ ለዛው ደስ ይላል። በዚያው በ1983 ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚገናኙበት ስልት) ስለመጣም አንዱን መሣሪያ በሌላው ማዘዝ ተችሏል፤ ስለዚህ ኮርጉን ገዝተህ አሮጌውን ኪቦርድህን ካስጠገንክ በኋላ በሚዲ ልታገናኛቸው ትችላለህ።

ብሩክ ቤዝ፦
እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። የውጭ ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ ዋጋው ስለናረ በተሳሳተ ምርጫ ገዝቶ እንደገና መግዛት የማይታሰብ ሆኗል፤ በ2 ቀን ጥድፊያ የሚገዛ ነገር አይደለም። ቅዳሜን በተውሶ ወይም በኪራይ ተወጣው። ደግሞም ሚኒሎግ ኤክስዲ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው 4 ድምፅ ብቻ ነው። በግራ እጅህ 3 ድምፅ ይዘህ በቀኝህ ዜማ ስትጫወት አንድ ተጨማሪ ድምፅ በነካህ ቁጥር የቀደመው ይቆረጣል። ቁልፎቹም 37 ቀጫጭኖች ናቸው፤ ለ3 ሰዓት የሆቴል ሥራ እጅህን ያስሩሃል።

ናቲ፦
ሞዴሉ ያማሃ ፒኤስአር-ኢ373 ነው። ቴስተር የለኝም። የወንድሜን የጊታር ፔዳል አዳፕተር ሰክቼ ሞክሬ ነበር፤ እሱም አላበራውም።

ሰላም፦
ወንድሜ፣ እባክህ ያንን አዳፕተር አሁኑኑ ንቀለው! የጊታር ፔዳል አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ 9 ቮልት ሲሆን የጃኩ መሐል ኔጌቲቭ ነው፤ የያማሃው ግን 12 ቮልት ሆኖ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። በተገላቢጦሽ የገባ ኃይል ደኅና የነበረውን ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። ከአዳፕተሩ ጀርባ ያለውን የክብና የነጥብ ምልክት ሳታይ ምንም ነገር አትሰካ።

ዮኒ ሳውንድ፦
አዳፕተሩን አስለካው፤ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሐና፦
ይህ ሞዴል እኮ በባትሪም ይሠራል። ከሥሩ ያለውን ክዳን ክፈትና በግድግዳ ሰዓት የሚገባውን ዓይነት 6 አዲስ ባትሪዎች አስገባ፤ አዳፕተር አትሰካ። ከበራ ቦርዱ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ቅዳሜም መለዋወጫ ባትሪ ይዘህ ልትጫወትበት ትችላለህ።

ትዕግሥት (ቅኝት አስተማሪ)፦
ስለ አንቺሆዬ የጠየቅኸውን ማንም ስላላነሣው ልመልስልህ፤ ለእኔ ከብልሽቱ ይልቅ የሚቀጥለውን መሣሪያህን መወሰን ያለበት እሱ ነው። ኪቦርድ ኦክታቩን እኩል 12 ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ማሲንቆ ግን አንድ ጭራ ያለውና እንደ ጊታር ፍሬት (የድምፅ ቦታ የሚለይ መስመር) የሌለው ስለሆነ የተጫዋቹ ጣት ድምፁን የሚያገኘው ጆሮው ባዘዘው ቦታ ነው። ትዝታ ላይ ልዩነቱ እምብዛም ጆሮ አይጎዳም። አንቺሆዬን ግን ከዶ ተነሥተን በኪቦርድ ስንጽፈው ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ይሆናል፤ በተለይ ሁለቱ ቤሞሎች ላይ ማሲንቆው ከአንተ ቁልፍ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊቆም ይችላል። እሱ አልተሳሳተም፤ አንተም አልተሳሳትክም። መሣሪያህ ግን ወደ እሱ መምጣት አለበት፤ እሱ ወደ አንተ እንዲመጣ ማስገደድ ቅኝቱን ያደርቀዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ማስተካከል የሚያስችል መሣሪያ ፈልግ። ሚኒሎግ ኤክስዲ የራስን ስኬል (የድምፆች አደራደር) ማስቀመጥ ስለሚያስችል በዚህ በኩል ምርጫህን አልነቅፍም፤ የብሩክ የ4 ድምፅ ማስጠንቀቂያ ግን ትክክል ነው። የያማሃ ፒኤስአር-ኤስኤክስና የኮርግ ፒኤ አሬንጀሮችም (አጃቢ ምት ያላቸው ኪቦርዶች) ይህንን ይችላሉ። ጁኖውን ስትሞክር «ስኬል ቲዩን» የሚል ገጽ (እያንዳንዱ ድምፅ የሚስተካከልበት) መኖሩን በዓይንህ ሳታይ ገንዘብ አትክፈል። ማስተካከያው ከመነሻው ድምፅ ጋር የተያያዘ መሆኑንም አትርሳ፤ ዘፋኙ ከዶ ወደ ሬ ከፍ በልልኝ ካለህ ማስተካከያህም አብሮ መዛወር አለበት፤ አለበለዚያ ከበፊቱ የባሰ ይጣረሳል።

ዮኒ ሳውንድ፦
ለኦርጋኒስቱ አንድ እርማት ላቅርብ፦ ኢ373 ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ዩኤስቢ እንጂ ክቡ የሚዲ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ በቀጥታ ገመድ ከኮርጉ ጋር አይገናኝም፤ በመካከል ኮምፒውተር ወይም መሰል መሣሪያ ያስፈልገዋል።

የድሮ ኦርጋኒስት፦
እርማቱን ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ብሩክ ቤዝ፦
ናቲ፣ ባትሪው ሠራ ወይስ አልሠራም?

ሐና፦
እስኪመልስ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጁኖ-ዲኤስ61ም በዚያው መጠን ባሉ 8 ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ይሠራል፤ በአንድ ጊዜም እስከ 128 ድምፅ ያሰማል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ለሚለማመድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልታየው ስትሄድ ባትሪዎቹንና የራስህን የጆሮ ማዳመጫ ይዘህ ሂድ፤ 61ዱንም ቁልፍ አንድ በአንድ በቀስታም በኃይልም ነካክተህ አዳምጥ፤ ማሲንቆ ተጫዋቹንም ይዘኸው ሂድ።