እንሶስላ የሞቀች እናት፣ የተመለሰ ፎቶ፦ የካናዳ ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) አሻራና ፎቶ ጥያቄ

ጦሳ ሥር፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ ደሴ ዙሪያ ገጠር ትኖራለች። ወንድሜ ከካናዳ ስፖንሰር አድርጓት አሁን የባዮሜትሪክ (አሻራ የመስጫ) ደብዳቤው ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ሰርግ ስለነበረ እንሶስላ ሞቃለች፤ የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል። እጇም የሥራ እጅ ነው፣ ለመታወቂያ ሲወሰድላት አሻራዋ በስንት ሙከራ ነው የተገኘው። ሌላው፣ ከማመልከቻው ጋር የላክነው ፎቶ «መስፈርቱን አያሟላም» ተብሎ ተመልሷል። ደሴ ፒያሳ ነው የተነሳችው፤ ፊቷ በደንብ ይታያል፣ ጀርባውም ላይ ስሟና «ጥር 12/2018» ተብሎ ቀኑ አለ። ምኑ ነው የጎደለው? ታናሽ እህቴም (21 ዓመቷ ነው) አብራ ትሄዳለች፤ ሁለት ዓመት ሳዑዲ ሠርታለች። ለፖሊስ ክሊራንስ (ከወንጀል ነጻ ለሚለው ወረቀት) የሚሰጠው አሻራና ይሄኛው አንድ ነው?

ቦርከና፦
አብሽር። መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። ደብዳቤው የሚሰጣችሁ 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ከሰፈረው ቀን ጀምሮ እንጂ ኢሜይሉን ከከፈታችሁበት አይደለም። እንሶስላ ጣት ጫፍ ላይ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ነው የሚቆየው። ስለዚህ ቀጠሮውን ዛሬውኑ ያዙ፣ ቀኑን ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ አድርጉት። የመጨረሻዋን ሳምንት ለመጠባበቂያ ተዉአት።

ማሽኑ መስታወቱ ላይ ካረፈው ጣት የሚያነበው የቆዳውን መስመርና በመስመሮቹ መሀል ያለውን ክፍተት ነው። ቀለም ሲኖርበት ልዩነቱ ይደበዝዛል። ትልቁ ስህተት ግን ሰው ደንግጦ በበረኪና፣ በሎሚና በአመድ ወይም በድንጋይ ሲፈገፍገው ነው፤ ከቀለሙ ጋር መስመሩም ይላጣል። በራሱ ጊዜ ይልቀቅ፣ አትንኩት።

ለሥራ እጅ ደግሞ መድኃኒቱ ማለስለስ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በረኪናና አመድ አይንኩ፣ ዕቃ ሌላ ሰው ይጠብላቸው። ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀብተው ይተኙ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን ቅባት የሚባል ነገር እንዳይነካቸው፤ በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ቅባት መስታወቱን ያጨቀየዋል፣ በጣም የደረቀ ጣት ደግሞ የተቆራረጠ መስመር ያወጣል። እዚያ ሲደርሱ ጣቱ ከደረቀ በትንሹ ማርጠብ ይቻላል፣ ሠራተኛውን ጠይቁት።

አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ የአንድ እጅ አራት ጣት አንድ ላይ፣ የሌላው አራት፣ ከዚያ ሁለቱ አውራ ጣት። አዛውንቶች «አልያዘም» ሲባሉ ጠበቅ አድርገው ይጫናሉ። ሲጫኑት መስመሩ ተደፍጥጦ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ይብስበታል። ጣቱን አሳርፎ ዝም ማለት ነው፤ ይህን ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስለምዷቸው። ቢላ የቆረጠው ጣት ካለ እስኪድን ቀጠሮ መለወጥ ይሻላል፤ ከድሮም የሌለ ጣት ካለ ግን ለሠራተኛው መናገር ብቻ ነው፣ ይመዘገባል።

ክፍያው ለአንድ ሰው 85 የካናዳ ዶላር ነው፣ አብረው ላመለከቱ ቤተሰቦች ጣሪያው 170። አሻራ የሚሰጠው ከ14 እስከ 79 ዓመት ያለ ሰው ስለሆነ እናትም እህትም ይሰጣሉ።

ጥቁር መጋረጃ፦
ፎቶውን እኔ ልመልስ። ጥፋቱ የፊታቸው አይመስለኝም፣ ቀኑ ነው። «2018» የተባለውን የኢትዮጵያ ዘመን የውጭ ሰው እንደራሱ አቆጣጠር ሲያነበው የስምንት ዓመት ፎቶ ይሆንበታል። ፎቶው ደግሞ ከተነሳ ከ6 ወር በላይ መሆን የለበትም። ጥር 12 ቀን 2018 በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2026 ነው፤ እንደዚያ ይጻፍ። ወሩን በቁጥር አታድርጉት፣ በቃል በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ ቀንና ወር እንዳይምታታ። ፎቶ ቤቶቻችን ማኅተም ሲመቱ በልማድ የኛን ዘመን ነው የሚያስገቡት፣ ቆማችሁ አስጽፉ። ከጀርባ የሚሰፍረው ስምና የልደት ቀን (ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጎድል)፣ የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ፣ ፎቶው የተነሳበት ቀን ነው። ስካን ስታደርጉ ጀርባውንም አትርሱ።

መጠኑን ደግሞ ለኩት። የካናዳው 5 በ7 ሳንቲም ነው፤ ከአገጭ እስከ አናት ያለው ከ31 እስከ 36 ሚሊ ሜትር። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ አያሳፍርም። የለመድነውን 3 በ4 ጉርድ ፎቶ አስፍቶ ማተም አይሆንም፣ ይደበዝዛል። እንደገና መነሳት ነው።

ከዚያ የፎቶ ቤት «ማሳመር» አለ። ኮት ማልበስ፣ ፊት ማንጣት፣ መጨማደድ ማጥፋት፣ ጀርባውን ቆርጦ ነጭ ማድረግ። በኮምፒውተር የተቆረጠ ጀርባ በጆሮና በሻሽ ጠርዝ ላይ የመቀስ ጥርስ የመሰለ ነገር ይተዋል፣ ወዲያው ያስታውቃል። እውነተኛ ነጭ ጨርቅ ፊት ያስቁሟቸው፣ ከጨርቁም ራቅ ይበሉ፣ ጥላ እንዳይጥል። የግንባር ንቅሳት ያላቸው እናቶችም ንቅሳቱ አይጥፋባቸው፣ መልካቸው እሱ ነው።

ለሃይማኖት ከሆነ ሂጃብ ወይም ሻሽ ይፈቀዳል፤ ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር ይታይ፣ ጥላ አይኑር። ነጭ ነጠላ ግን በነጭ ጀርባ ላይ ጠርዙ ይጠፋል፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ይልበሱ። አፍ ተዘግቶ፣ ሳቅ የለም።

በነገራችን ላይ ዲቪ የደረሳችሁ ይህን መጠን እንዳትወስዱ። የአሜሪካው 5 በ5 ሳንቲም ነው፣ መነጽርም ከ2016 ኖቬምበር ጀምሮ አይፈቀድም።

ጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጣችሁ። ቀኑን ማን ልብ ይለዋል! ቀጠሮ አገኘን፣ «8፡30» ይላል። ከሰዓት ነው?

ሐይቅ ዳር፦
በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 2፡30። በኛ አቆጣጠር አንብቦ ከሰዓት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ደሴ የአሻራ ማዕከል የለም፣ አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር በሌሊት ተነስቶ በዚያው ቀን ለመድረስ እንዳታስቡ። ከሁለት ቀን በፊት ግቡ፣ ሽማግሌ ሰው አርፎ ነው መሄድ ያለበት። ፓስፖርቱን ዋናውን፣ ደብዳቤውን ደግሞ ሁሉንም ገጽ አትማችሁ ያዙ፤ ባርኮዱ ካልተነበበ አይስተናገዱም፣ በስልክ ማሳየትን አትመኑ። ሲጨርሱ የሚሰጠውን ደረሰኝ አስቀምጡ። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ከሆነ ሳያልፍ በካናዳ ኢሚግሬሽን ዌብ ፎርም የቀጠሮውን ማስረጃ አያይዛችሁ አሳውቁ።

ክሊራንስ ሌላ ነው። የቪዛው አሻራ ለካናዳው ማመልከቻ ነው፣ ለፖሊስ ወረቀት አያገለግልም። የኢትዮጵያውን ክሊራንስ ፌዴራል ፖሊስ አዲስ አበባ ለብቻው አሥሩንም ጣት ወስዶ ነው የሚሰጠው፤ ገና ካልወጣ በዚያው ጉዞ ጨርሱት።

እህትህ ላይ ተጠንቀቁ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ የኖረችበት አገር ሁሉ ክሊራንስ ይፈለግበታል። የሳዑዲው እሷ ከዚያ ከወጣች በኋላ የተሰጠ መሆን አለበት፤ እዚያ እያለች ያወጣችው አይበቃም። ዓረብኛ ከሆነም በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም፣ የቤተሰብ ሰው መተርጎም አይችልም።

የቀለም አሻራ በወረቀት ካርድ ከተጠየቃችሁ ልማድ ባለው ሰው እጅ ይሁን። ቀለሙ ስስ ይሁን፤ ሲበዛ ክፍተቱን ሞልቶ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይወጣል። እያንዳንዱ ጣት ከአንዱ የጥፍር ጠርዝ እስከ ሌላው አንዴ ብቻ ይንከባለላል፤ ወደ ኋላ ከተመለሰ መስመሩ ይደራረባል። በየጣቱ መሀል በአልኮል ጥረጉ። ካርዱን አትጠፉት፣ በካርቶን መሀል አድርጋችሁ ያዙት።

ቦርከና፦
አንድ የረሳሁት፦ እህትህም ለቀጠሮው እስኪደርስ እንሶስላ እንዳትሞቅ። ሰርግ ካለ ከእጇ ይልቅ እግሯን ትሙቅ፣ እግር የሚጠይቅ የለም።