ለገና ራስ ደጀን፦ ከውስጥ ምን ይለበሳል?

ሰላም ቤተሰብ፣ ለገና ከጓደኞቼ ጋር ራስ ደጀን ልንወጣ ነው፣ ከሳንቃበር ካምፕ ተነስተን በእግር። አምና ወንጪ ስንሄድ የጥጥ ካናቴራ ላይ ሹራብ ደርቤ ዳገቱን ስጨርስ ጀርባዬ በላብ ርሶ፣ ቁጭ ስንል እንዴት እንደተንዘፈዘፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን አንዱ ሜሪኖ (ስስ የበግ ሱፍ) ግዢ ይለኛል፣ አንዷ የስፖርት ታይት ይበቃሻል ትላለች፣ ሜሪኖው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ጋቢስ ልያዝ?

የደባርቅ ልጅ፦
ጋቢውን ያዢ እህቴ፣ ግን ለካምፕ ነው፣ ጥጥ ስለሆነ መንገድ ላይ ከለበስሽው ላብሽን ጠጥቶ አይደርቅልሽም። ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ አለ። ከዛ ራስ ደጀን ሥር ወዳለው ማደሪያ፣ ወደ አምቢቆ ስትሄጂ መጀመሪያ የቧሂት ዳገት ላብ በላብ ያደርግሻል፣ አናቱ ላይ ንፋሱ ይቀበልሻል፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ስትወርጂ ደሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ በአንድ ቀን ሦስት አየር ማለት ነው። ስለዚህ ከውስጥ ስስ፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል። ዳገቱ ሥር ሹራቡን አውልቀሽ ትንሽ እየበረደሽ ጀምሪ፣ ላይ ስትደርሺ ሳትቀመጪ ጃኬት ደርቢ። ብዙው ሰው ተጀቡኖ ይነሳና በራሱ ላብ ነው የሚበርደው።

ዴንቨር ነኝ፦
እዚህ ስኖው ላይ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። የስፖርት ታይቱ ጨርቅ፣ ፖሊስተሩ፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን በሁለተኛው ቀን ሽታው ድንኳን ያስለቅቃል 😂 ሜሪኖ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው ግን እርጥብ ሆኖም ያሞቃል፣ ቀናት ብትለብሺውም ብዙ አይሸትም። ብሩ ለአንድ ሜሪኖ ብቻ ከበቃሽ ለቀን ፖሊስተሩን ልበሺ፣ ሜሪኖውን ለመኝታ ደረቁን አስቀምጪው፣ ምንም ቢመጣ ቀን እንዳታደርጊው። ወደ ጫፉ የሚወጣው ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ተነስቶ ስለሆነ ያኔ ብትደራርቢው ግን አልቃወምም።

ሰልባጅ ወዳዱ፦
አዲስ ምን አስገዛሽ፣ ሰልባጅ ውስጥ ሞልቷል። መለያው ላይ የተጻፈውን አንብቢ፣ ከተቆረጠ ከስፌቱ አንድ ክር ሳይሆን ከጨርቁ ጫፍ ትንሽ መዘሽ ለኩሺው፦ ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይድቦለቦላል፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። ከገዛሽ በኋላ ነው ታዲያ፣ ሻጩ ፊት እንዳትሞክሪው።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። እንግዲህ ቅዳሜ ላይተሬን ይዤ መርካቶ ነኝ። ካልሲስ ግን?

የደባርቅ ልጅ፦
ካልሲም ያው ነው፣ ጥጥ አይሁን። ለመኝታ አንድ ደረቅ ለብቻው በፌስታል ቋጥሪ።