ጭቃ ቤታችን ጎርፍ ገብቶበት ግድግዳው አብጧል፤ ከየት እንጀምር?

የድልድዩ ሰፈር ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። የድሮ ጭቃ ቤት ነው፤ ውስጡም ውጪውም በስሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ ችፑድ። ትናንት ከሰዓት በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ሲወርድ ውሃ በሁለት በኩል ገባብን። አሸንዳው በበረዶ ተደፍኖ ውሃው በቆርቆሮው ስር ወደ ውስጥ ተመለሰ። ከመንገዱ ደግሞ ቱቦው ሞልቶ ጥቁር ውሃ በበሩ ስር ገባና እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ጎረቤት ተረባርቦ በባልዲና በመጥረጊያ አወጣልን፤ እግዜር ይስጥልን።

አሁን የሳሎኑ ኮርኒስ መሃሉ ላይ ረግቧል። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከታች አብጦ ስሚንቶው ተሰንጥቋል። የስፖንጅ ፍራሹ ከስሩ ረጥቧል፤ የጤፍ ማዳበሪያውም ወለል ላይ ነበር። እናቴ አስም አለባት፣ ሽታው ከአሁኑ እያስቸገራት ነው። ወንድሜ ከሰል አቀጣጥለን በር ዘግተን ቤቱን እናድርቀው ይላል። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ስንጥቁን ቶሎ በስሚንቶ ድፈኑትና ቀለም ቀቡት አሉን። በእጃችን ያለው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መብራት ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ብሬከሩን አውርዱ። ቆጣሪው ራሱ ውሃ ነክቶት ከሆነ ግን አትጠጉት፤ መብራት ኃይል 905 ደውሉ። ውሃ የገባበት ሶኬት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፣ ስለዚህ ባለሙያ ከፍቶ ሳያየው ምንም እንዳትሰኩ። ፍሪጁም እንደዚሁ። ሌሊት እንደገና ጎርፍ ቢመጣና መውጣት ቢያቅታችሁ 939 ነው የእሳትና አደጋ ስልክ።

ግንበኛው ከጉለሌ፦
ልጄ፣ እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ። ዕድሜዬን ሙሉ በአራዳና በጉለሌ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ስጠግን ነው የኖርኩት፤ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከሰሉን ተዉት፣ በፍጹም! በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። ገዳዩ አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ አስም ላለባት እናትሽ ቀርቶ ለጤነኛውም አይመለስም። ደግሞ ግድግዳ የሚያደርቀው ነፋስ ነው። በክረምት ብዙ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ገለጥ ይልና ዝናቡ ከሰዓት ይመጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምራችሁ በርና መስኮቱን በሁለቱም በኩል ክፈቱ፣ ደመናው ሲከብድ ዝጉ። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቁ።

ኮርኒሱ የረገበው ውሃ ይዞ ነው። መብራቱ መቋረጡን አረጋግጡ፤ ከስሩ ባልዲ አድርጋችሁ፣ ከጎን ቆማችሁ፣ ዝቅ ያለበትን በሚስማር ብሱትና ይውረድ። ችፑድ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ያበጠውን አውርዳችሁ ጣሉት፣ ከላዩ ያለው እንጨት አየር ያግኝ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግድግዳው ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ ጊዜ ከሰጡት ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ስሚንቶው ነው መውጫውን የሚዘጋበት። ውሃው በልስኑና በጭቃው መሃል ታስሮ ይቀርና ጭቃው ይሟሟል፣ ማገሩና ቋሚው ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባበታል። ጎረቤታችሁ በቅንነት ነው የመከሩት፤ ነገር ግን አሁን ስንጥቁን መድፈን ውሃውን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። ቀለሙም ቢቀባ ተልጦ ይወድቃል፣ ገንዘባችሁም አብሮ ይሄዳል። ስንት ቤት በዚህ ምክንያት ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ዝናቡ ያላፈረሰውን ጥገናው አፈረሰው።

ያበጠውን በጣትሽ አንኳኪው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው፤ እሱን ብቻ በቀስታ አራግፉት፣ የጠነከረውን አትንኩ። ከዚያ ቋሚዎቹን መሬት ጋ በሚደርሱበት ቦታ በረጅም ሚስማር ውጊያቸው። ሚስማሩ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ አልቋል። ግድግዳው ካዘነበለ፣ ወይም ትናንት ይዘጋ የነበረው በር ዛሬ አልዘጋ ካለ፣ ያን ክፍል ዛሬውኑ ልቀቁ።

መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ አሳድሪው። ጠዋት ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ገና ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመስቀል በፊት ይደርቃል ብዬ አልጠብቅም። ሲደርቅ በጭድ የተቦካ ጭቃ ምረጉት፣ ላዩን ኖራ ቀቡት። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ዋጋውም ከቀለም ይቀላል።

አሁን ገንዘብ የምታወጡበት አሸንዳው ነው። ጥረጉት፣ የተላቀቀውን አስጠግኑ፣ ወደ መውረጃው በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ያህል ዝቅ ይበል። ክረምቱ ገና አላለቀም፤ በረዶው ተመልሶ ይመጣል።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ስለ ዕቃው ልናገር። ከቱቦ የወጣ ውሃ የነካው ስፖንጅ፣ ይቅርታ፣ አይታጠብም። ስፖንጁ ውስጥ የገባው ቆሻሻ አይወጣም፤ እናትሽ ደግሞ እላዩ ላይ መተኛት የለባትም። ጤፉ ያሳዝናል፣ የዘንድሮን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቢሆንም ማዳበሪያው በዚያ ውሃ ከራሰ የላዩን ለይቼ ልጠቀም አትበይ። ሽሮና በርበሬውም ከነካው እንደዚያው። ክዳኑ የጠበቀ የዘይት ጀሪካን ውጪው በደንብ ታጥቦ ይቀመጣል።

ወለሉን መጀመሪያ በኦሞ እጠቡ፣ ከዚያ በ20 ሊትር ባልዲ ውሃ ሩብ ሊትር ያህል በረኪና ጨምራችሁ ድገሙት። ጓንትና ቦቲ አድርጉ፣ መስኮት ይከፈት፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅሉት። ሻጋታ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ስለሚጀምር ዛሬ ቢሆን ይሻላል። እናትሽን ቤቱ እስኪታጠብና እስኪናፈስ ዘመድ ቤት አሳድሪያት፣ የሚነፋውን መድኃኒቷን አትርሺ። የመሬት ውስጥ ታንከር ካላችሁ ጎርፉ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳይታጠብ አትጠጡ።

የድልድዩ ሰፈር ልጅ፦
እግዜር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። ከሰሉ ቀርቷል፣ እማዬ አክስቴ ጋ ሄዳለች። ጋሼ፣ እንዳሉኝ በሚስማር ሞከርኩት። ጥጉ ላይ ያለው ቋሚ ሚስማሩን ዋጠው፣ ሌሎቹ ጠንካራ ናቸው። በሩ እንደ ድሮው ይዘጋል። ቤቱ ግን የቀበሌ ነው፤ ቋሚውን በራሳችን መቀየር እንችላለን?

ግንበኛው ከጉለሌ፦
ሳታስፈቅዱ አትንኩት። መጀመሪያ ፎቶ አንሺ፦ ስንጥቁን፣ የበሰበሰውን ቋሚ፣ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን መስመር። ይህ መስመር ከታጠበ በኋላ አይገኝምና ወለሉን ከማጠባችሁ በፊት ይሁን። ከፎቶው ጋር የጥገና ማመልከቻ ለወረዳው አስገቢ፣ የገባበትን ቁጥር ተቀበይ። እስኪፈቀድ ድረስ ጥጉ አጠገብ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ወራጅ ስር ጠንካራ ባህር ዛፍ ድጋፍ አቁሙ፤ ከስሩ ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ፣ አለበለዚያ እርጥቡ ወለል ውስጥ ይሰምጣል። ማንም እዚያ ጥግ አይተኛ። ሲፈቀድላችሁ አዲሱን ቋሚ መሬት ውስጥ አትቅበሩት፤ ከወለሉ ከፍ ያለ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ይቁም። አናጢው ይህን ካልተቀበለ ሌላ አናጢ ፈልጉ።