እናቴን ይዘን በናሮውቦት ጥቂት ቀን፦ የትኛው ካናል ይሻለናል?

ማህሌት (ለንደን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኔ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ባለቤቴ ናሮውቦት ተከራይተን ካናል (ለጀልባ የተቆፈረ የውሃ መንገድ) ላይ እንሰንብት እያለ ነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ ወርዷ 2 ሜትር ብቻ የሆነ፣ ርዝመቷ ግን 20 ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ አልጋና ኩሽና ያላት ጀልባ ነች። ሁለታችንም ጀልባ ነድተን አናውቅም። እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል። የሐዋርያትን ጾም ትጾማለች፣ ያለ ቡና ደግሞ አይሆንላትም። የ9 ዓመት ልጅም አለን። ያሰብነው አራት ሌሊት ነው። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? በየት በኩል እንሂድ? እናቴስ ትችለዋለች?

ዳንኤል፦
ለሽርሽር ለሚከራይ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም። አከራዮቹ ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉንም ያሳዩዋችኋል። ሳትቸኩሉ ስሟቸው፣ ያልገባችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁ።

የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 4 ማይል ነው፤ ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በተግባር ግን በእግር ከሚሄድ ሰው አትቀድሙም። ዳር የታሰሩ ጀልባዎች ጋ ስትደርሱ ሞተሩን በጣም ዝቅ አድርጉ። አለዚያ ማዕበላችሁ ገመዳቸውን ጎትቶ ካስማቸውን ይነቅላል፣ ቁርሱን እየበላ የነበረው ሰውዬም ብቅ ብሎ ልክ ልካችሁን ይነግራችኋል።

መሪዋ ከኋላ ቆማችሁ የምትይዙት ዘንግ ነው። ዘንጉን ወደ ግራ ስትገፉት አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያደናግራል፣ ከዚያ እጅ ይለምደዋል። ፍሬን የለም፤ ለማቆም የኋላ ማርሽ ታስገባላችሁ። ከፊት ጀልባ ሲመጣ ቀኛችሁን ያዙ። እንግሊዞች አስፋልት ላይ በግራ ይነዳሉ፣ ውሃ ላይ ግን በቀኝ ናቸው። መንጃ ፈቃዱን አዲስ አበባ ያወጣ ሰው እዚህ ነው የሚደላው።

ወለላ (ብሪስቶል)፦
ማህሌትዬ፣ መስመር ስትመርጪ ማይሉን ተይውና ሎኩን ቁጠሪ። ሎክ ማለት ጀልባዋ ገብታ ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ፣ ሲጎድል ወደ ታች የሚያደርሳት ባለ በር ክፍል ነው። ዘበኛ የለውም። በሩን ገፍተሽ የምትከፍቺው፣ ውሃውን በማዞሪያ ብረት የምትለቂው አንቺው ነሽ። አንዱ ብቻ 15፣ 20 ደቂቃ ይወስዳል። የአንድ ቀን ጉዞ ሲሰላ የሚያሳስተው ይሄ ነው፤ ካርታው ላይ አጭር የመሰለው መንገድ አሥር ሎክ ካለበት ቀኑ ያልቃል።

ለእናንተ የምመርጠው በደቡብ እንግሊዝ ያለውን ኬኔት ኤንድ ኤቨን ካናልን ነው። ከብራድፎርድ ኦን ኤቨን ሎክ ግርጌ ተነስታችሁ እስከ ባዝ ከተማ መግቢያ ድረስ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድም ሎክ የለም። ሸለቆው በዛፍ የተሸፈነ ነው። አቨንክሊፍና ደንዳስ በሚባሉ ሁለት የድንጋይ ድልድዮች ላይ ካናሉ ራሱ ወንዙን ተሻግሮ ያልፋል። ጀልባዋ ከላይ፣ ወንዙ ከታች። እናትሽ ይሄን ሲያዩ እንዲቀመጡ የምመክረው ፊት ለፊት ባለው ዝቅ ያለ በረንዳ ላይ ነው።

ባዝ ስትደርሱ ሎኮቹን አትውረዱ። አንደኛው ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት አለው፣ ለጀማሪ አይሆንም። ከላይ እሰሩና በእግር ወይም በታክሲ ከተማ ግቡ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ መስመር ላይ ጀልባ ቤታቸው የሆነ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ አብዛኛውን መንገድ ቀስ እያላችሁ ነው የምትሄዱት። ረጅም ጀልባ የትም ቦታ አይዞርም፤ መዞሪያ ቦታዎቹን ካርታ ላይ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ።

ጋሽ ተፈራ፦
ልጄ፣ እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ኬን ሂልን ሳታዩ እንዳትመለሱ! ዲቫይዘስ ከተማ ጫፍ ላይ ነው። በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 29 ሎክ፣ 72 ሜትር ከፍታ። 16ቱ ቁልቁል በአንድ መስመር ተደርድረው ሲታዩ የሰውን ልፋት ታያላችሁ። ካናሉ በ1810 ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ዘመናዊ የሚባል ነበር። ከዚያ ባቡር መጣና ገበያውን ወሰደበት። ጭራሽ ባለቤቱም የባቡር ኩባንያ ሆነ። በመጨረሻ አልፎ አልፎ ደርቆ ቀረ። መልሶ ያዳነው ባብዛኛው የበጎ ፈቃደኛ ጉልበት ነው፤ በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ዳግም ከፈቱት። ይሄን ሳያዩ ማለፍ ነውር ነው።

ወለላ (ብሪስቶል)፦
ጋሼ፣ ታሪኩ ልክ ነው፤ ግን እኮ 29 ሎክ ማለት ሙሉ ቀን በር መግፋት ነው! ሁለት ጀማሪ፣ አንድ ሕፃን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት። ማየቱ ካማራቸው በመኪና ሄደው ከዳር ይዩት።

ጋሽ ተፈራ፦
እሺ፣ በመኪናም ቢሆን ይሂዱ። ተሸንፌአለሁ።

ሳምሪ (ማንችስተር)፦
እኔ የላንጎለንን ካናል እጨምራለሁ። ከትሬቨር እስከ ኤልስሚር ሁለት ሎክ ብቻ ነው ያለው። የፖንትኪሲልቴ ድልድይ እዚያ ነው፤ በ1805 የተከፈተ፣ 38 ሜትር ከፍታ ላይ ጀልባ የሚያሻግር የብረት ቦይ። ድልድዩ ዌልስ ውስጥ ነው፣ ወደ ኤልስሚር ስትሄዱ ግን እንግሊዝ ትገባላችሁ። በአንዱ በኩል የእግረኛ መንገድና አጥር አለ፣ በሌላው በኩል ምንም! እናትሽ ከፍታ የሚፈሩ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ማህሌት (ለንደን)፦
ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ እንኳ አትቀመጥም፣ ስለዚህ ባዝ ሆኗል። ስለ ምግብና ስለ ቡናው ንገሩኝ። ምጣዴን ልያዝ?

ሄለን፦
ምጣድሽን ቤት አስቀምጪ። ዳር ታስራችሁ የምታድሩት የጀልባዋ ባትሪ ላይ ነው፤ ምጣድ የሚጎትተውን ኃይል አይችልም። ፀጉር ማድረቂያም እንደዚያው። እንጀራውን ጋግረሽ ሂጂ። ምድጃው በጋዝ ነው፣ ሽሮና ምስር ላይ ችግር የለም። ፍሪጁ ትንሽ ስለሆነ የጾሙ ጊዜ እንዲያውም ያግዝሻል፣ ሥጋ ማስቀመጥ የለ።

ቡናው ላይ ግን አደራ። ከሰል ጀልባ ውስጥ በፍጹም አታቀጣጥሉ። በረንዳው ላይም ቢሆን በሩ ክፍት ከሆነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እፍን ያለ ፍምም ያው ነው፤ "ጠፍቷል" ብላችሁ ማንደጃውን አታስገቡት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው መሥራቱን ጀልባዋን ገና ስትረከቡ ሞክሩት። ጀበናውን በጋዝ አፍሉ፣ ረከቦቱን ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ ዘርጉ፣ ዕጣኑን ደግሞ ውጪ አድርጉት፤ የጭስ ማንቂያው ዕጣን አይወድም።

ዳንኤል፦
ስለ እናትሽ ልጨምር። ውስጡ እንደ አውቶቡስ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። ከኋላ የሚወርደው ደረጃ ቀጥ ያለ ስለሆነ በፊት በኩል ይግቡ። ስትከራዩ የመታጠቢያውንና የአልጋውን ስፋት፣ የደረጃውን ብዛት ጠይቁ። ሰኔም ቢሆን ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ አይቅር።

ልጁ ውጪ ባለ ቁጥር የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ። ጀልባዋ ብዙ ቶን ትመዝናለች፤ ከግንብ ጋር ልትጋጭ ስትል ማንም በእግሩ ወይም በእጁ ሊያስቆማት አይሞክር። ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ደግሞ ማርሹን ወዲያው ዜሮ ላይ አድርጉ። ወደ ኋላ ተመልሰን እናንሳው ማለት ከኋላ የሚሽከረከረውን ምላጭ ወደ ሰውዬው መውሰድ ነው። ካናሉ ብዙ ቦታ ጥልቅ ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ መውጣት ይቻላል።

ማህሌት (ለንደን)፦
ወለላ፣ የጀልባ ጣቢያው ከብራድፎርድ ሎክ በላይ ቢሆንስ? አንዷን ሎክ ማለፍ ግድ ይሆንብናል።

ወለላ (ብሪስቶል)፦
አንድ ብቻ ከሆነ ትለማመዱበታላችሁ። ስትወርዱ ዋናው ነገር የጀልባዋ ኋላ ነው። ከላይኛው በር ሥር የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ውሃው ሲጎድል ኋላዋ እዚያ ላይ ከተንጠለጠለ ጀልባዋ አፍንጫዋን ደፍታ ልትሰምጥ ትችላለች። ግድግዳው ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር አልፋችሁ ወደፊት ቁሙ። ገመዱን አጥብቃችሁ አትሰሩት፣ በእጅ ይዛችሁ አላሉት። አንድ ሰው ዓይኑን ከጀልባዋ አይንቀል፤ የተለየ ነገር ካያችሁ የውሃውን መክፈቻ ወዲያው መልሳችሁ ዝጉ።

ሌላው፣ እናትሽ ከደከማቸው መመለሻ አላቸው። ብራድፎርድ ኦን ኤቨን፣ አቨንክሊፍና ፍሬሽፎርድ የባቡር ጣቢያ አላቸው፤ ሦስቱም በባዝ መስመር ላይ ናቸው። አቨንክሊፍ ላይ ግን ባቡሩ የሚቆመው ስትጠይቁት ነው። መድረኩ ላይ በደንብ በሚታይ ቦታ ቁሙና እጃችሁን ዘርጉለት።